ቤት ውስጥ ሳውና፣ ስቲም ወይስ መዋኛ ገንዳ? ከቆጣሪው ጀምራችሁ ምረጡ

ቤቱ ሳውና ለማስገባት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፎቶ ነው። ስልኩ ላይ ያየውን የሚያምር ክፍል ለአናጺው ያሳያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀብድ ይከፍላል። የመብራት ቆጣሪው ይችል አይችል የሚታወቀው ዕቃው ግቢ ከገባ በኋላ ነው። እኔ የምለው በተቃራኒው ሂዱ ነው። መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ፣ ቀጥሎ ሮቶውን፣ ከዚያ የቤቱን ሰው። ፎቶው መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

መመሪያው በዋናነት አዲስ አበባ ላለ ቤት ነው። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ የሚለየውን ቦታው ሲደርስ አነሳለሁ። ውጭ አገር ሆናችሁ እዚህ ቤት ለምታሠሩም የምለው አለኝ።

1. የምትፈልጉትን ለዩ

ደረቅ ሳውና በእንጨት የተለበጠ ክፍል ነው። ምድጃው ላይ ድንጋይ ተከምሮ ይግላል፣ አየሩም ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰውነት ይችለዋል። አልፎ አልፎ አንድ ጭልፋ ውኃ ድንጋዩ ላይ ሲፈስ እንፋሎቱ ቆዳን ገረፍ አድርጎ ያልፋል። ፊንላንዶች የሚወዱት ይቺን ነው። 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለበት አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሳውና አለ ይባላል። ዩኔስኮም የፊንላንድን የሳውና ባህል እ.ኤ.አ. በ2020 ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

ስቲም ሌላ ነገር ነው። ክፍሉ ሴራሚክ ነው፣ ከማሽን የሚመጣ እንፋሎት ይሞላዋል። ሙቀቱ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ብቻ ነው። ግን አየሩ ውኃ ስለጠገበ ላብ አይተንም፤ ስለዚህ ከሳውናው ያልተናነሰ ያቃጥላል። ባሕር ዛፍ የሚሸተው፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው የማታዩበት ክፍል እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም «ሳውና» ስለሚባሉ ስታዙ የቱን እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ተናገሩ። አሠራራቸው ከመሠረቱ ይለያያል።

ሦስተኛው ኢንፍራሬድ ነው። እንደ ቁም ሳጥን ተገጣጥሞ የሚቆም የእንጨት ክፍል ነው። አየሩን ከማሞቅ ይልቅ በጨረር ሰውነትን ያሞቃል። ሙቀቱ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ድንጋይ የለውም፣ ውኃ የለውም፣ እንፋሎትም የለውም። እውነተኛ ሳውና የለመደ ሰው ላይረካ ይችላል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ግን ብዙ ጊዜ ያለው ምርጫ ይኼ ነው።

መዋኛ ገንዳ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ለሁለት ወር ያህል ሰፈራችሁ አጠገብ ያለ ሆቴል እየከፈላችሁ ግቡ። በሳምንት አንዴ እንኳ ካልሄዳችሁ ቤታችሁም ቢኖር አትገቡበትም። ክፍሉ የጫማና የካርቶን ማስቀመጫ ይሆናል። በወር አንዴ ለሚበቃው ሰው ፍልውሃ አለለት፤ ከምድር ሞቆ የሚወጣ ውኃ ቆጣሪ አያስቆጥርም። በተረፈ መሞቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አራስና ሙሽራ ወይባ ጢስ ስትሞቅ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ብቻ ጢሱን ወደ ሳውናው ክፍል አታምጡት፤ ለዚያ አልተሠራም።

2. ቆጣሪውንና ገመዱን አስፈትሹ

ሂሳቡ ቀላል ነው። ለደረቅ ሳውና በአንድ ሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ዋት ገደማ ያዙ። ክፍሉ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.1 ሜትር ከሆነ 6.3 ሜትር ኩብ ይመጣል። ባለ 6 ኪሎ ዋት ምድጃ ይበቃዋል። ነገር ግን መስታወት፣ ሴራሚክ ወይም ያልተለበጠ ግድግዳ ሙቀት ይበላል። ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ካሬ ሜትር 1.2 ሜትር ኩብ ያህል ጨምራችሁ አስሉ። ፎቶው ላይ ያያችሁት ሙሉ የመስታወት ግድግዳ ቁጥሩን በአንድ ጊዜ የሚያሳድገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አምፔር ቀይሩት። 6 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 27 አምፔር ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ስለሆነ 16 አምፔር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ፣ የሻወሩ ቦይለር ሲጨመርበት፣ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ቆጣሪ ያለው ቤት ዋናው ብሬከር ቢወርድ አይገርምም። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀንና የሳውናውን ቀን መለየት አንድ መላ ነው። አብሮ መኖር የሚቻለው ግን በስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) ቆጣሪ ነው። ባለ 9 ኪሎ ዋት ምድጃ በሦስት ፌዝ ሲከፋፈል በአንዱ መስመር 14 አምፔር ገደማ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ሦስት ነገር አስመልከቱ። ቆጣሪው ሲንግል ነው ወይስ ስሪ ፌዝ? ዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈው አምፔር ስንት ነው? ኧርዙስ፣ የሚያፈስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ፣ በእርግጥ መሬት ገብቷል ወይ? ሦስተኛው ላይ አትለፉት። ሶኬቱ ባለ ኧርዝ ሆኖ ከጀርባው ገመዱ የትም የማይደርስበት ቤት ብዙ ነው። «አለ» ብሎ በቃል የሚነግራችሁን ሳይሆን በመሣሪያ ለክቶ የሚያሳያችሁን ሰው ፈልጉ። እርጥብ ሰውነትና የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ባለበት ክፍል ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ምድጃው የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ይኑረው። ለ27 አምፔር ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ያዙ፤ ከቆጣሪው እስከ ክፍሉ ርቀቱ ከበዛ ከዚያም ወፍራም። ምድጃው ጋ የሚደርሰው የመጨረሻው ክፍል ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ገመድ ይሁን። ተራው የፕላስቲክ ገመድ እዚያ ሙቀት ውስጥ ይለሰልሳል።

ስለ ወጪም እናንሳ። ባለ 6 ኪሎ ዋት ምድጃ ለአንድ ጊዜ፣ ክፍሉ እስኪሞቅ የሚወስደውንም ጨምሮ፣ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት አያልፍም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት እያጠፋ ስለሚያበራ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በሳምንት ሁለቴ ቢሆን በወር ከ60 እስከ 70 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የመብራት ታሪፋችን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋ የሚጨምርበት ስለሆነ፣ ይህን አሁን በወር ከምታወጡት ላይ ደምራችሁ ወደ የትኛው እርከን እንደምትገቡ ከቢላችሁ እዩ።

3. ውኃው

«ስቲም ውኃ ይጨርሳል» ሲባል እሰማለሁ። አይጨርስም። ባለ 6 ኪሎ ዋት የስቲም ማሽን በሰዓት የሚያተነው ከ10 ሊትር አይበልጥም። ከመግባታችሁ በፊትና ከወጣችሁ በኋላ የምትታጠቡበት ይበልጣል። ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ሳይሆን ግፊቱና ጥራቱ ላይ ነው።

ግፊቱን እንይ። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ሮቶአችሁ ከማሽኑ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያላችሁ 0.3 ባር ነው። የብዙ ማሽኖች የውኃ ማስገቢያ ቫልቭ በዚህ ግፊት በደንብ አይከፈትም። ማሽኑ «ውኃ የለም» እያለ ይጮኻል፣ ባለሙያው ማሽኑ ተበላሽቷል ይላል። ቀድማችሁ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግፊት አንብቡ። ካልደረሳችሁ ትንሽ ፓምፕ ጨምሩ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማሽኑን በቀጥታ ከዋናው መስመር ሳይሆን ከሮቶው አስቀጥሉት።

ጥራቱ እንደ ሰፈሩ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውኃ የገጸ ምድር ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከምድር በታች ስለሆነ ማዕድን ይበዛዋል። ቤታችሁ የራሱ ጉድጓድ ካለው ደግሞ የባሰ ሊሆን ይችላል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ከያዘ የስቲም ማሽኑም ይይዛል፤ ሬዚስታንሱም (በኤሌክትሪክ የሚግለው ብረት) በዚያ ቅርፊት ታፍኖ ይቃጠላል። በተጠቀማችሁ ቁጥር ውኃውን ራሱ የሚያፈስ ማሽን ምረጡ። በየጥቂት ወሩ በሲትሪክ አሲድ አሳጥቡት። ደረቅ ሳውና ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ አንድ ባልዲና ጭልፋ ይበቃዋል።

4. መዋኛ ገንዳ ለምትሉ

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የማይሞቅ መዋኛ ገንዳ አልመክርም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ውኃው ቀን በፀሐይ ያገኘውን ሌሊት ይመልሳል። ለመዋኘት የሚመቸው ደግሞ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ነው።

8 ሜትር በ4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። 48 ሜትር ኩብ ነው፤ 48,000 ሊትር። ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ አምስት ጊዜ ይመላለሳል። ይህን ውኃ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ከ18 ወደ 27 ዲግሪ ለማድረስ 500 ገደማ። በዚህ ኃይል ከላይ ያልነው ሳውና ከሃምሳ ጊዜ በላይ ይሞቃል። ሌሊት የሚጠፋው ገና አልተቆጠረም።

አይሆንም ካላችሁ ግን መሸፈኛ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ። ገንዳው የሚቀዘቅዘው በዋናነት በትነት ነው፤ መሸፈኛ ሙቀቱንም ውኃውንም ይይዛል። ለማሞቅ የሶላር ቱቦ ከበጋው ፀሐይ ጋር ጥሩ ይሄዳል። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ከሆናችሁ ስሌቱ ይቀየራል። እዚያ ገንዳ ትርጉም አለው፣ እንዲያውም ሳውናው ነው ትርፍ የሚሆነው። ድሬዳዋ ላይ ሳውና ከማሠራት በር ዘግቶ መቀመጥ አይበቃም ወይ?

አፈሩን አስመርምሩ። በቦሌና በአቃቂ በኩል ብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በቂ ብረት የሌለው ገንዳም አብሮ ይሰነጠቃል። መሐንዲስ ሳያይ በግንበኛ ግምት ብቻ የተቆፈረ ገንዳ ውኃ የሚያፈሰው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገንዳውን ለማጠብ ብላችሁ ባዶ አታድርጉት። ዙሪያው ያለው አፈር ውኃ ጠጥቶ ስለሚገፋ ባዶውን ገንዳ ወደ ላይ ሊያነሳውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ማጠቢያው ጊዜ በጋ ነው።

ከዚያ የየቀኑ ሥራ ይመጣል። ፓምፑ ሙሉውን ውኃ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ በማጣሪያው ማሳለፍ አለበት። ፒኤቹ (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6፣ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይሁን። ክሎሪንና አሲድ በፍጹም አይቀላቀሉ፣ አንድ መደርደሪያ ላይም አይቀመጡ፤ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ልጅ ያለበት ቤት ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ አጥር ያስፈልገዋል። የጎረቤት ልጅም ልጅ ነው። ሕፃን ሲሰምጥ አይጮኽም፣ አይንፈራገጥም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ከሳውና በኋላ ለመቀዝቀዝ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ 1,000 ሊትር የሚይዝ ትንሽ መንከሪያ አሠሩ። የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ በነጻ ያቀዘቅዘዋል። ብቻ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን እንደሚመዝን አስታውሱ። በረንዳ ወይም ፎቅ ላይ ከመሬት የማይገናኝ ቦታ እንዳታስቀምጡት። ጃኩዚም እንዲሁ ነው።

5. ቦታ ምረጡ

በጣም ጥሩው ሻወር አጠገብ ያለ ክፍል ነው። ሻወር ከሌለበት ሳውና ላብ ተይዞ በግቢ መሮጥ ይመጣል። ከሰርቪሱ ቤት አንዱ ክፍል፣ የደረጃ ሥር፣ ሰፊ ሻወር ቤት ተከፍሎ፣ ሁሉም ይሆናል። ለሁለት ሰው 1.2 በ1.5 ሜትር በቂ ነው። ለሚቀመጥ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ለሚተኛ ሰው ከ1.8 እስከ 2 ሜትር ያዙ። ክፍሉን ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አታስፉት። ትልቅ ሳውና ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ብዙ ይበላል፣ ሰውም አይሞላውም። ግቢ ውስጥ አዲስ ክፍል የምትሠሩ ከሆነ የግንባታ ፈቃዱን ቀድማችሁ በወረዳችሁ ጠይቁ።

6. የሳውናው ክፍል እንዴት ይሠራል

አናጺውን ይዛችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ፤ አብዛኛው ስህተት እዚህ ነው የሚሠራው።

ከብሎኬቱ በመቀጠል ሮክ ዉል የሚባለው የድንጋይ ሱፍ ይገባል። ግድግዳው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ጣሪያው ላይ 10። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ ጣሪያው ላይ አትቆጥቡ። ነጩን ፎም ማንም ቢያቀርብላችሁ እንቢ በሉ። 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስና መኮማተር ይጀምራል፤ ሳውናችሁ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል።

በሱፉ ላይ ወፍራም የአሉሚኒየም ፎይል፣ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ክፍሉ ዞሮ። መገጣጠሚያው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይደራረብና በአሉሚኒየም ቴፕ ይለጠፍ። ይህ ፎይል ከሌለ እንፋሎቱ ሱፉ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ያሻግተዋል። የወጥ ቤቱ ስስ ፎይል ግን አይሆንም፤ ሚስማር ሲነካው ይቀደዳል። ከፎይሉ ላይ ሞራሌ ተመትቶ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የአየር ክፍተት ይቀራል። ከዚያ ጠርዙ እርስ በርሱ የሚጋጠም ጣውላ ይመጣል።

እንጨቱን በጥንቃቄ ምረጡ። ሙጫ ያለው እንጨት በሙቀት ያነባል፣ የተቀመጠበትን ሰው ያቃጥላል። በተለይ መቀመጫው ሙጫ የሌለው፣ ቀላልና ሙቀት የማይዝ እንጨት ይሁን። ከውጭ ከሚመጡት አስፐን፣ አባሺና በሙቀት የታከመ እንጨት ይመረጣሉ። ከአገር ውስጥ ዝግባ ጠባዩ ጥሩ ነው፤ ግን ጥበቃ የሚደረግለት ዛፍ ስለሆነ ሻጩ ከየት እንዳመጣው ማወቅ አለባችሁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ዝግባ ካገኛችሁ አትልቀቁት፤ ደርቆ ያለቀ ነው። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ኮምፔንሳቶና ቺፑድ ማጣበቂያቸው በሙቀት መጥፎ ትነት ስለሚያወጣ አይግቡ። ቫርኒሽና ቀለምም ውስጡ አይቀባ። አናጺው «ሳይቀባ ያስጠላል» ሊላችሁ ይችላል። ያስጠላ።

የክፍሉ ከፍታ ከ2.1 እስከ 2.3 ሜትር ይሁን። የላይኛው መቀመጫ ከጣሪያው ከ1.1 እስከ 1.2 ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። የታችኛው ከሱ በ45 ሳንቲ ሜትር። ደህና የተሠራ ሳውና ውስጥ ላይ ስትቀመጡ እግራችሁ ከምድጃው ድንጋይ ከፍ ይላል። ያለዚያ ጭንቅላት ይጠበሳል፣ እግር ይቀዘቅዛል። የመቀመጫው ብሎን ሁሉ ከሥር ይታሠር፤ የጋለ ብሎን ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

አየር ሳይገባበት ሳውና አይሆንም። ንጹሕ አየር በምድጃው አጠገብ ይገባል፣ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ይወጣል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ቁልፍም መቀርቀሪያም የሌለው፣ በትከሻ ሲገፋ የሚለቅ ይሁን። መስታወት ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ)። ወለሉ ሴራሚክ ሆኖ የውኃ መውረጃ ይኑረው።

ኤሌክትሪክ ቢያስቸግር «በከሰል እናሙቀው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በፍጹም። ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የምንሰማው ነው። በእንጨት የሚሠራ የሳውና ምድጃ አለ፤ ግን ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ የሚወጣ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። በርሜል ቆርጦ በመበየድ አይሆንም።

7. ምድጃውና ድንጋዩ

ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት መቆጣጠሪያ ታያላችሁ። አንደኛው ዲጂታል ነው፣ በስልክ የሚበራ። ሁለተኛው እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ቁልፍ ነው። ሁለተኛውን ውሰዱ። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር መጀመሪያ የሚቃጠለው ዲጂታሉ ሰሌዳ ነው። ጠምዛዛው ሌላም ጥቅም አለው። በስፕሪንግ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም መቁጠሩን አያቆምም። መብራቱ እኩለ ሌሊት ላይ ሲመጣ ጊዜው አልቆ ምድጃው ጠፍቶ ይገኛል። ምድጃ ላይ የተሰጣ ፎጣ ከሳውና ቃጠሎ ዋና ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፎጣ መስቀያውን ከክፍሉ ውጭ አድርጉት።

ሻጩን የምትጠይቁት ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ሬዚስታንሱ ቢቃጠል መለዋወጫው አለህ ወይ? ካለው ያሳያችሁ። አንድ ትርፍ አብራችሁ ግዙ። ስሙ ከማይታወቅ ፋብሪካ የመጣ ርካሽ ምድጃ መጠኑ የተለየ ሬዚስታንስ ካለው፣ ሲቃጠል ሙሉ ምድጃውን መጣል ነው።

ድንጋዩን ከወንዝ አትልቀሙ። ውኃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ኖራ ድንጋይም አይሆንም፣ ይፈረካከሳል። ለሳውና ተብሎ የሚሸጠውን ተጠቀሙ። ስትደረድሩ ትልልቁን ከታች አድርጋችሁ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፤ ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁት ሬዚስታንሱ ይታፈናል።

8. ስቲም ከሆነ ምርጫችሁ

ውኃ የማያሳልፍ ልባስ ከሴራሚኩ ሥር፣ ጣሪያውንም ጨምሮ፣ መቀባት አለበት። ሴራሚክ ብቻውን እንፋሎት አያቆምም፤ ከጀርባ ያለው መኝታ ቤት ቀለሙ ሲላጥ ታዩታላችሁ። ጣሪያው ዘንበል ወይም ቆልመም ይበል። ጠፍጣፋ ከሆነ የቀዘቀዘው ጠብታ አናት ላይ ይወርዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቢሆንም የእንፋሎት መውጫው በደንብ ያቃጥላል። ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ እግር ከማይደርስበት ጥግ አስገቡት። ባሕር ዛፍ፣ ጤና አዳም ወይም ኮሰረት ስትፈልጉ ቅጠሉን በሳህን አድርጋችሁ መውጫው አጠገብ አስቀምጡ። ማሽኑ ውስጥ ምንም አትጨምሩ።

9. ከውጭ ዕቃ ለምትልኩ

አሜሪካ ያላችሁ፣ እዚያ የሚሸጠው ምድጃ በ240 ቮልት የተለካ ነው። እዚህ 220 ላይ ሲገባ ይሠራል፤ ግን ኃይሉ ወደ 84 በመቶ ይወርዳል። 6 ኪሎ ዋት ተብሎ የተገዛው 5 ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ግዙ። የ120 ቮልቱን ኢንፍራሬድ ግን አትላኩ፤ ትልቅ ትራንስፎርመር ይጠይቃል። ከአውሮፓ የሚመጣው ከእኛ መስመር ጋር ይስማማል። ቤቱን በስልክ የምታሠሩ ከሆነ ሥራው ሦስት ቦታ ላይ ቆሞ ቪዲዮ ይላክላችሁ፦ ሱፉ ሲገባ፣ ፎይሉ ሲለጠፍ፣ ገመዱ ሲዘረጋ። ጣውላው ከተመታ በኋላ የሚታይ ነገር የለም። ክፍያውንም በእነዚህ ሦስት ደረጃዎች ከፋፍሉት።

10. የመጀመሪያው ቀን

ባዶውን ክፍል በሩንና የአየር መግቢያውን ከፍታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል አሙቁት። አዲሱ ሬዚስታንስ የፋብሪካ ዘይቱን ሲያቃጥል ይሸታል፣ ያ ቀን ማንም አይግባ። በዚያው ጊዜ ብሬከሩንና ገመዱን በእጅ ጀርባ ዳስሱ። ከሞቀ አጥፉትና ኤሌክትሪሺያኑን መልሱት።

ለመግባት ከ8 እስከ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ውጡ፣ ቀዝቀዝ በሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከፈለጋችሁ ተመለሱ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ። ቢራም ሆነ ጠጅ ከጠጡ በኋላ አይገባም። ጾም ላይ ያላችሁም ውኃ ሳትጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታችሁ በባዶ ሆድ አትግቡ፤ ረመዳን ላይም ከአፍጥር በኋላ፣ ውኃው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ይሁን። ስትወጡ ሚዛን ላይ ብትቆሙ ቀንሳችሁ ታገኙታላችሁ። የቀነሰው ላብ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይመልሰዋል።

በዓመት አንዴ ድንጋዩን አውጥታችሁ የተፈረካከሰውን ጣሉ፣ የቀረውን አጥባችሁ እንደገና ደርድሩ። መቀመጫውን በለብ ያለ ውኃና በብሩሽ እሹት፣ ላብ ያጠቆረውን ቦታ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ከተጠቀማችሁ በኋላ በሩን ከፍታችሁ ተዉት፤ ክፍሉ በራሱ ሙቀት ይደርቃል።